በወንጭፍ ጎል የተወራረዱብኝ ቀን

ባለፈው እሑድ ቢቸና ቤታችን ሳሎን ውስጥ ጠብ ሊነሳ ምንም አልቀረውም ነበር። ባለቤቴ ደሳለኝና ትንሿ ልጃችን ትርንጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ተፋጠዋል። ነገራቸው የብሔራዊ ቡድናችን አንጋፋ አጥቂ ነው፤ ይቀጥል ወይስ ጫማውን ይስቀል? ልጄ «ሰውየው አርጅቷል እኮ! ለወጣት ቦታ ይልቀቅ» ትላለች። እሱ ደግሞ «አርጅቶም ቢሆን ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ የሚያደርገውን ያውቃል፤ እናንተ የምታውቁት ሩጫ ብቻ!» ይላል። ድሮ ለወጣቶቹ ይሟገት የነበረው እሱ ራሱ ነው። የሱም ጉልበት መንቋቋት ሲጀምር ሐሳቡን ቀየረ መሰለኝ፤ ሰው እንዲህ ነው።

«እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለችኝ ትርንጎ።

«እኔ በአጥቂ ክርክር አልገባም» አልኳት፤ ሽንኩርቴን መክተፌን ቀጠልኩ። ለምን እንደማልገባ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ገና ሳላገባ ነው፤ ሞጣ ነው ቤታችን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ አቶ ዘለቀ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ግን ሞጣ የሚያውቃቸው በኳስ ነው። አጥቂ ነበሩ። ጉልበታቸው ከተበላሸ በኋላም የከተማውን ልጆች ማሠልጠን አልተዉም ነበር። በዚያ ዓመት ግን አዲስ የተመረጡት የቡድኑ ወጣት ኃላፊዎች መጡና «ጋሼ፣ እርስዎ ከእንግዲህ ይረፉ» አሏቸው። አክብረው ነው የተናገሩት፤ ቢሆንም አባቴ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስ ብለው ነበር።

ብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት ከአባቴ ጋር ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብለን እንሰማለን። የተጠበሰ ባቄላ በሰሃን መሃላችን ይቀመጣል፤ ጎል ሲገባ ባቄላው ይበተናል። ሁለታችንም የምንወደው አጥቂ ወንጭፍ የሚሉት ነበር። እሱም ዕድሜው ገፍቷል። አገሩ ሁሉ ስለሱ ይከራከራል፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ ጠላ ቤት፣ ቅዳሜ ገበያ ሳይቀር። «ይበቃዋል» ብሎ አባቴ ፊት የተናገረ ሰው ወፍጮ ቤት ተራው ወደ ኋላ ይሄዳል። እውነቴን ነው፣ ጤፉን ይዞ እስኪመሽ ይጠብቃል።

ደሳለኝ የቢቸና ልጅ ነው፤ የወፍጮውን ሞተር ሊጠግን መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ጀመር፤ አባቴ ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ዝም አሉ። በመጨረሻ ደሳለኝ «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኩት፦ «ስለ ኳስ እንዳያነሱ። በተለይ ስለ ወንጭፍ!» እሱም አጎቱን ጋሽ አዱኛን ደጋግሞ አስጠንቅቋቸው ነበር። ግን የጋሽ አዱኛን አፍ የሚገታ ልጓም አልተሠራም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በአጨዳ ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት ነው። ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል በጭነት መኪና ሲንገላቱ መጥተው ነጠላቸው ሁሉ አቧራ ለብሷል። ጋሽ አዱኛና ቄስ ይትባረክ ከዚያው ናቸው፤ ሦስተኛው የሞጣው ጎረቤታችን ጋሽ ከድር ናቸው፤ አባቴ ስለሚያከብሯቸው ተለምነው ነው የመጡት። እኔ ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው በስተጀርባ ነኝ። ከጧት ጀምሮ የሠራሁት ዶሮ ወጥ እሳት ዳር ተቀምጧል። ልማዱን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። አባቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢሏቸው «ለልመና ነው የመጣነው፣ ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ።

የከፋው ነገር፣ ቀኑ የጨዋታ ቀን ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ካላሸነፈ ከውድድሩ ይወጣል። መብራት ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ነው። አባቴ «ጥቂት ነው የቀረው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብለው ሬዲዮውን ሳያጠፉት ቀሩ። ዜሮ ለዜሮ ነው። አስተላላፊው «ወንጭፍ ሰውነቱን እያሟሟቀ ነው» ሲል ጋሽ አዱኛ ቤተኛ ለመምሰል ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ሳቅ አሉና፦

«ያ ሽማግሌ ዛሬም አለ እንዴ? ኧረ ይሰናበት! ባረጀ በሬ ማን ያርሳል?»

እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ «ወይኔ!» አልኩ። ቢቸና ውስጥ ሁሉም የሚለው ይኼንኑ ስለሆነ ሰውየው ምንም አልመሰላቸውም።

አባቴ ቀስ ብለው ተነሱ። «ምን አልክ?»

«ያረጀን ማሰናበት ክብሩ ነው አልኩ እንጂ ምን አልኩ፣ አቶ ዘለቀ?»

«ክብሩ? እኔን አሁን ቤቴ መጥተህ ክብር ልታስተምረኝ ነው?»

ሁለት ጎጃሜ ሰው ፊት ከተካረረ ማን ወደ ኋላ ይላል! ድሮ በችሎት በላ ልበልሃ ተባብለው በማርና በበቅሎ ይወራረዱ የነበሩ ሰዎች ዘር ናቸው። አባቴ በትራቸውን መሬት መቱና ተናገሩ።

«እንወራረድ! ይኼ ሰው ገብቶ ካላገባ ልጄን ሳትለምኑኝ ሰጥቻለሁ። ካገባ ግን፣ ማርያምን! እናንተም ደጄን አትረግጡ፣ ያም ልጅ ሞጣን አይረግጥ!»

«ኧረ ተዉ! በሰው ልጅ!» አሉ ጋሽ ከድር። የሰማቸው የለም። ጋሽ አዱኛ ደማቸው ፈልቶ «እሺ!» አሉ። እሺ! በማን ላይ ነው እሺ የሚሉት? አንድ የበግ ሙክት ላይ እንኳ ሰው እንዲህ አይቸኩልም።

ወንጭፍ ገባ። በዕድሜዬ ሙሉ ኳስ በነካ ቁጥር ከተቀመጥኩበት የሚያስነሳኝን ሰው «አምላኬ፣ ዛሬ ብቻ ይሳት» ብዬ ለመንኩበት። ወዲያው ደግሞ አባቴን አሰብኩ። ቢስት እሳቸው ምን ይሆናሉ? እንደ እሱ አርጅተሃል ተብለው የተሰናበቱ ሰው፣ በገዛ ቤታቸው በእንግዳ ፊት? ወጡ ከሥር ሲያር ይሸተኛል፣ ማውጣት ግን አልቻልኩም።

ከዚያ አስተላላፊው ጮኸ። ፍጹም ቅጣት ምት! የሚመታው ወንጭፍ ነው። «ኳሱን አስቀመጠ... ወደ ኋላ ተመለሰ...»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። በልመና ቀን ልጅት ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ ወጣሁ። ሬዲዮውን አንስቼ ከኋላው ከፈትኩና የባትሪ ድንጋዮቹን አወጣኋቸው። ዝም አለ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አሉ አባቴ። «ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «ማንም! በወንጭፍ ጎል ለደሳለኝ የምሰጠውም የምከለከለውም እኔ ነኝ፤ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም!»

ይኼን ብዬ ሳልጨርስ ከታች ከሻይ ቤቱ በኩል ጩኸቱ መጣ። ፉጨት፣ እልልታ፣ የቆርቆሮ ድብደባ። አግብቷል።

ባቄላ የሚበተንበት ሰዓት ነበር፤ አባቴ ግን አልተንቀሳቀሱም። ማርያምን ብለው ምለዋል። በእኛ አገር በማርያም ተምሎ ወዴት ይሸሻል? ጋሽ አዱኛ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ሊወጡ ነው። ያኔ አለቀ ብዬ ነበር፤ ሕይወቴ በአንድ ሰው እግር አለቀ ብዬ።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። «እሺ» አሉ። «ጠየቅኩሽ።»

«ምን?»

«ጠየቅኩሽ ብያለሁ። ተናገሪ።»

«እፈልገዋለሁ» አልኩ፣ አፈርኩ፣ ደግሞ አለቀስኩ። «እርስዎን ብቻዎን መተው ግን አልፈልግም።»

«ሁለቱንማ አታገኚም፣ ጥሩዬ።»

ይኼኔ ቄስ ይትባረክ ከበሩ አጠገብ ወደ አባቴ ቀረቡ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡና «አቶ ዘለቀ፣ በሰው ልጅ መወራረድ መሐላ አይደለም፣ ኃጢአት ነው» አሏቸው። «እግዚአብሔር ይፍታዎ። ንስሐውን ይፈጽማሉ። እርስዎም ጭምር፣ አቶ አዱኛ!» አባቴ መስቀሉን ተሳለሙ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ተቀመጡ» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ። ወጡም አርሯል መሰለኝ።»

አርሮ ነበር። ያረረውን በሉት፤ ጋሽ አዱኛ እንዲያውም ደገሙ።

በጥር ተዳርኩ። ቢቸና ገብቼ የመጀመሪያውን ጨዋታ ስሰማ ወንጭፍ ገና ይጫወታል፤ አገባም። ከደሳለኝና ከጓደኞቹ ጋር ነኝ፤ ሁሉም ይጮኻል። እኔ ግን አባቴ ሞጣ ላይ ብቻቸውን ሆነው ለማን እንደሚናገሩ እያሰብኩ ተነስቼ ወጣሁ። ሁለቱንማ አታገኚም ያሉኝ የዚያን ቀን ነው የገባኝ። እስኪሞቱ ድረስ ሲመጡ እቀበላቸው፣ ሲሄዱ እሸኛቸው ነበር፤ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ቅሬታ የለኝም። እውነት ነው ብቻ።

ባለፈው ዓመት ለታላቋ ልጃችን ሽማግሌ መጣ። የተከበሩ ሰዎች፣ ልጁም መልካም ልጅ ነው ይሉታል። በር ላይ ቆሙ። ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲህ ከዘመድ ጋር እንመካከርና...» ሲል እኔ «ቆይ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ልጄን ከጓዳ ጠራኋት። መጣች፤ በእንግዶቹ ፊት ጠየቅኋት። «አልፈለግሁትም» አለች። እነሱም ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠይቀው ሄዱ።

ደሳለኝ ተቆጣ፤ «ሰው ፊት አዋረድሽን!» አለ። ልጄ ከት ብላ እየሳቀች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አባቴ ያንን ጥያቄ የጠየቁኝ ነገሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቢሆንም ጠይቀውኛል። ከዚያ በፊት በቤታችን እናቴንም አያቴንም ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።