ሲኪራትና የኮላው ወሬ

ስልኩ ሲጮህ ሲኪራት የላቦራቶሪ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም። የደወሉት ታላቅ ወንድሟ አላጂ ሙፉታው ናቸው፤ አላጂ ማለት ሐጂ ማለት ነው። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ። በዮሩባ ምድር ሰው ያለ ሰላምታ ነገር ከጀመረ ወይ ሞት አለ፣ ወይ ቂም አለ።

«ሲኪ፣ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ምኑን ነው የደበቅኩት፣ ቦዳ?» አለች። ቦዳ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ስማቸውን ጠርታ አታውቅም።

«መድኃኒቱን ነዋ። የሻጋሙ ገበያ በሙሉ ሰምቶ እኔ መጨረሻ ልስማ? ጭንቅላቴን በመጋዝ ሊከፍቱት ቀን ተቆርጦ፣ መድኃኒቱ ዕድሜ ልኬን በሸጥኩት ቅርጫት ውስጥ መሆኑን እያወቅሽ ዝም ትይኛለሽ?»

ሲኪራት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። የሆነው ነገር ወዲያው ገባት። ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ መጥቶ ነበር። አለቃዋ ፕሮፌሰር ኦዬኩንሌ ማይክሮፎኑን ሲያዩ ደስ አላቸውና፣ «በኮላ ፍሬያችን ውስጥ የሚገኘው ካፌይን የአንጎል ዕጢ ህዋሳትን እድገት በላቦራቶሪያችን አዘግይቷል» አሉ። ውሸት አልነበረም። ጋዜጠኛው ግን ዛሬ ጠዋት «ልጆቻችን ኮላ የአንጎል ዕጢን እንደሚያሟሟ አረጋገጡ» ብሎ ለቀቀው። ከዚያም ስሟን ከነአባቷ ጠራ።

«ቦዳ፣ እንደሱ አይደለም። ዛሬ እመጣለሁ፤ ቀጠሮውን ግን እንዳይሰርዙ» አለች።

«ሰርዤዋለሁ» አሉና ዘጉት።

አላጂ ሙፉታው ለሲኪራት ወንድም ብቻ አልነበሩም። አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። እሳቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው የአባታቸውን የኮላ ንግድ፣ ያን እየተሰነጠቀ የሚታኘክ መራራ ፍሬ መሸጡን ያዙ፤ እሷን ግን አንድ ቀን እንኳ ከትምህርት ቤት አላስቀሯትም። ሰዎች «ሴት ልጅን ይህን ያህል አስተምረህ ለማን ትርፍ?» ሲሏቸው፣ «እናንተ ኮላችሁን ሽጡ» ይሉ ነበር። እሷም ተማረች። በመጨረሻ ኢባዳን ላይ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ የምርምር ሥራ ያዘች።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ከሰው አንጎል ዕጢ የተወሰዱ ህዋሳት በትንንሽ ሳህኖች ውስጥ ይረባሉ። እነሱ ላይ ካፌይን ይጨመራል፤ ቡናም ሻይም ኮላም ውስጥ ያለው፣ ሰውን የሚያነቃው ነገር ማለት ነው። ከዚያ ይታያል። ሲሠሩት ግን ያንገሸግሻል። ህዋሳቱ ሙቀታቸው ሳይለዋወጥ መኖር አለባቸው፤ መብራቱ ደግሞ ሲፈልግ ይሄዳል። መብራቱ ሲሄድ ጄኔሬተሩ ይነሳል፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ ካለው ነው። ስንት ጊዜ ሰኞ ጠዋት በሩን ከፍታ የሞቱ ህዋሳት ጠብቀዋታል። ከውጭ የታዘዘ፣ ህዋሳቱ የሚመገቡት ፈሳሽ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታግቶ በሙቀት ሲበላሽ፣ እንደገና ታዝዞ እንደገና ሲበላሽ አይታለች። በዓመታት ልፋት አንድ ነገር አገኘች፦ ካፌይን የተጨመረባቸው ህዋሳት እንደ ሌሎቹ ቶሎ አይባዙም፣ እንደ ሌሎቹም አይሰራጩም። መጠኑ ግን ሰው ቢወስደው ልቡ የማይችለው ነበር። እሷ ይህን ለማንም የምሥራች ብላ አልተናገረችም። ረጅም መንገድ ለመሄድ ጫማ እንደማሰር አድርጋ ነው የቆጠረችው።

አላጂ ሙፉታውን ለምርመራ የወሰደቻቸውም ራሷ ናት። ራስ ምታታቸው አልለቅ ብሎ፣ በግራ በኩል የቆመ ሰው እየገጩ ማለፍ ሲጀምሩ ጠርጥራ ነበር። በምስሉ ላይ ዕጢው ታየ። የአንጎል ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ኡዱአክ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። «ክፉው ዓይነት አይመስለኝም። ከአንጎል ሽፋን ላይ የበቀለ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ግን የዓይን ነርቭዎን እየተጫነ ነው። ሳይቆይ ይውጣ» አለቻቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። ከኮላው ወሬ በፊት ነው ይሄ ሁሉ።

ሲኪራት ከሰዓት በኋላ ሻጋሙ ስትደርስ የወንድሟ ሱቅ ሠርግ ቤት መስሏል። ቅጠል የለበሱ የኮላ ቅርጫቶች እስከ መንገዱ ተደርድረዋል። ነጋዴዎቹ ሲያዩዋት አጨበጨቡ።

«ሐኪማችን መጣች» አለ አንዱ። «በአንቺ ምክንያት ዛሬ ቅርጫቴ ባዶ ነው። ነገ ደግሞ ኮላ የወገብ ሕመም ያድናል በይልን።»

«እኔ የማንንም ሕመም ያድናል አላልኩም» አለች።

«ትሑት ናት። የተማረ ሰው እንዲህ ነው» አለ ሰውየው ለጓደኛው።

አላጂ ሙፉታው ጥግ ላይ ተቀምጠው ቀዩን ኮላ እየሰነጠቁ ያኝካሉ። አጠገባቸው ሚስታቸው ኢያ ራሺዳት የነቀዘውን ከደህናው ትለያለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ራሺዳት ስለሆነች የራሺዳት እናት ነው የምትባለው። ሴትዮዋ ቀና ብላ ሲኪራትን በዓይኗ ለመነቻት።

ሲኪራት ተንበርክካ እጅ ነሳችና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። «ቦዳ፣ የኔ ሥራ በሳህን ላይ ነው። ሰው ላይ አይደለም፤ አይጥ ላይ እንኳ አልደረስንም።»

«በሳህን ላይ ያለው ዕጢ ከሰው ጭንቅላት የወጣ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ሳህኑ ላይ ቤንዚን ባፈስበትም ይሞታል። ቤንዚን ይጠጣሉ?»

«እኔ ቤንዚን አልሸጥም» አሉ፤ ሱቁ በሳቅ ተናወጠ።

ሲኪራት ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። «ደግሞ የእርስዎ ዕጢ ሌላ ዓይነት ነው። እኔ የምሠራበት ክፉው ነው። ኮላ ክፉውን ቢያድን እንኳ፣ የእርስዎን ያድናል ማለት አይደለም።»

«ክፉውን ካሸነፈ ደጉ እንዴት ያቅተዋል? ጎረምሳውን የጣለ ሕፃኑ ያቅተዋል?»

«የዚያን ያህል ካፌይን ለማግኘት ይህን ቅርጫት ሙሉ ቢበሉ ዕጢው ሳይሰማው ልብዎ ይቆማል።»

«ልቤ ስንት ዘመን ኮላ ሲበላ የኖረ ልብ ነው» አሉና አንድ ስንጣቂ ዘረጉላት። «እንኪ። ከገዛ እጅሽ ሥራ ተሸሽቶ አይዘለቅም።»

ነገሩ ውሃ ወቀጣ ሆነባት። ከሁሉ ያቃጠላት ኩራታቸው ነው። ወንድሟ ቢላዋ ፈርተው ብቻ ቢሆን ታባብላቸው ነበር። እሳቸው ግን በእሷ ኮርተዋል፤ አስተምሬ አስተምሬ ይኸው የገዛ ዕቃዬ ውስጥ መድኃኒት አገኘችልኝ ብለው ለደንበኛ ሁሉ ይተርካሉ። ያን ኩራት እንዴት አድርጋ ትንጠቃቸው?

በማግስቱ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች። «ፕሮፌሰር፣ ማስተባበያ ይውጣ።»

«እኔ ያልኩትን እኮ ነው ያልኩት» አሉ። «ሰው የፈለገውን ቢሰማ እኔ ምን ላድርግ? ደግሞ ከስንት ዘመን በኋላ ስለ ሥራችን ሲወራ እኮ ነው።»

«ወንድሜ ቀዶ ጥገናውን ሰርዘዋል።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አዘኑ፤ እውነት አዘኑ። ግን የበላይ ሳይፈቅድ መግለጫ አይወጣም አሉ፤ የበላይም ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ አልፈቀደም።

ራሷ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። ላንሬ የሚባለው ጋዜጠኛ በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀበላት፣ ጭራሽ ቀጥታ ሥርጭት ላይ አስገባት። «እመቤት ሲኪራት፣ ለአድማጮቻችን የኮላን ምሥጢር ንገሪልን» አላት።

«ምሥጢር የለም። ኮላ የአንጎል ዕጢ አያድንም። ይህን ያረጋገጠ የለም። ሐኪም ቀዶ ጥገና ካዘዘ—»

«ስለዚህ ምርምሩ ገና ይቀጥላል ማለት ነው» አለ ላንሬ። «የስልክ መስመራችን ክፍት ነው።»

የመጀመሪያው ደዋይ ከአቤኦኩታ ነው። «ነጩ ይሻላል ወይስ ቀዩ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛዋ መርቃት ዘጋች። ሦስተኛው፣ «አያድንም የምትለው ፈረንጆቹ ገዝተዋት ነው። አገኘች፤ አፏን ዘጓት» አለ። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ላንሬ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ግሩም ነበር፤ ሰው ወዶሻል» አላት። ሲኪራት ከጣቢያው ወጥታ ታክሲ እስክታገኝ ድረስ በጸሐይ ስትሄድ ብቻዋን ትናገር ነበር፤ መንገደኛ ዞሮ አያት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከድጡ ወደ ማጡ ሆኑ። አላጂ ሙፉታው ሌት ተቀን ስለሚያኝኩ እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ልባቸው ይመታል፣ ራስ ምታቱ ባሰ። እሳቸው ግን «ዕጢው እየተጣላ ነው፤ ሊወጣ ሲል እንዲህ ይታገላል» ይላሉ። ሲኪራት በየሳምንቱ ቅዳሜ ትሄዳለች፤ በየሳምንቱ ይጣላሉ። አንድ ቅዳሜ ለምሳ የቀረበውን አማላ፣ ገንፎ መሰሉን ምግብ፣ ሲጠቀልሉ እጃቸው ወጡን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። አላየሁም አላሉም፤ እጃቸውን ጠርገው ደግመው ጠቀለሉ።

«ግራ ዓይንዎ ጠፍቷል» አለች ሲኪራት።

«አልጠፋም። ደክሞታል።»

«ቦዳ፣ እባክዎ። አስተምረውኝ ሲያበቁ አንድ ቀን እንኳ አይሰሙኝም?»

«እየሰማሁሽ ነው እኮ» አሉ ቆጣ ብለው። «በሬዲዮ አገኘሽ የተባለውን ነው የማደርገው። የትኛዋን ሲኪራት ልስማ?»

መልስ አልነበራትም። ተነስታ ጓሮ ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ስትታጠብም እንባዋ መጣ፤ ከሐዘን ይልቅ የንዴት እንባ ነበር።

አላጂ ሙፉታው የወደቁት ዓርብ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ነው። ገበያው መሀል ግራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ መላ ሰውነታቸው። አረፋ ደፍቀው ወደቁ። ነጋዴው ተሰብስቦ ከፊሉ ውሃ ሲል፣ ከፊሉ ቁርኣን ሲቀራባቸው፣ አንዱ ኮላ አኝኮ አፋቸው ውስጥ ሊጨምር ሲታገል ኢያ ራሺዳት ደረሰች። ያቺ ዓመት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ኮላ የምትለይ ሴት የሰውየውን እጅ መታችው።

«አንተ ነህ ባሌ? ዞር በል» አለችው። «መኪና አምጡ። ዛሬ የማንንም ወሬ አልሰማም፤ የባሌንም ጭምር።»

ዶክተር ኡዱአክ ስታያቸው አልተቆጣችም። የደም ግፊታቸው በኮላው ምክንያት ጣሪያ ነክቶ ስለነበር እስኪወርድ ድረስ ቀዶ ጥገናው ዘገየ፤ ሲኪራት በዚያ መዘግየት ጥፍሯን በላች። በመጨረሻ ገቡ። ዕጢው ወጣ፤ እንደተባለውም ክፉው ዓይነት አልነበረም። ዶክተሯ ከክፍሉ ወጥታ ጭምብሏን ወደ አገጯ አወረደች።

«ይድናሉ። ግራ ዓይናቸው ግን አይመለስም። መጀመሪያ በቀጠርኳቸው ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ሲኪራት።

አላጂ ሙፉታው በነቁ በሳምንቱ፣ ጭንቅላታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ ለጠያቂዎቻቸው ሲያወሩ ደረሰች። «ሐኪሟ ራሷ ክፉ አልነበረም ብላለች» ይላሉ። «ለምን ክፉ አልሆነም? ኮላው ይዞ ስላቆየልኝ ነው። ሐኪሞቹ እስኪደርሱ ጠፍሮ ያዘልኝ።» ጠያቂዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኢያ ራሺዳት ወደ መስኮቱ ዞረች። ሲኪራት ያመጣችውን ምግብ አስቀምጣ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ለዶክተር ኡዱአክ ነገረቻት።

«ተያቸው፤ በሕይወት ስላሉ ነው የሚያወሩት» አለች ዶክተሯ።

«እሳቸውን ልተዋቸው። የሚሰማቸው ሰውስ?»

ዶክተር ኡዱአክ ተራ የሚጠብቁትን በሽተኞች በአገጯ አመለከተቻት። በዚያ ወር ብቻ ኮላ ሲያኝኩ ዘግይተው የመጡባት ሌሎችም ነበሩ።

አሁን አላጂ ሙፉታው ወደ ሱቃቸው ተመልሰዋል። ገዢ በመጣ ቁጥር ታሪካቸውን ያወጋሉ፤ ኮላው እንዴት ዕጢውን ይዞ እንዳቆመ፣ እህታቸው እንዴት እንዳገኘችው። ሲኪራት ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች አጠገባቸው ትቀመጣለች። ወንድሟ ሲጨርሱ እሷ ትጀምራለች፦ «ኮላው ምንም አላደረገም። ዕጢው ቆይቶ በቀዶ ጥገና ወጣላቸው። በመቆየታቸው ዓይናቸውን አጡ።»

«ጨረስሽ?» ይሏታል።

«ለዛሬ ጨረስኩ።»

«ገበያዬን እየገደልሽ ነው እኮ።»

«ይሙት።»

አብዛኛው ገዢ ሁለቱንም ሰምቶ ኮላውን ገዝቶ ይሄዳል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎልማሳ ሰው ታሪኩን ሰምቶ፣ የእሷንም ሰምቶ፣ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። እናቱ ራሷን ያማታል፤ አንድ ዓይኗም ደክሟል። «ሆስፒታሉ የት ነው ያልሽው?» አላት። ሲኪራት ነገረችው፤ የዶክተሯንም ስም፣ የምትገኝበትንም ቀን። ሰውየው ደጋግሞ በቃሉ ያዘው፣ አመሰገናት። ከዚያ ወደ አላጂ ሙፉታው ዞሮ፣

«እስከዚያው ከቀዩ ትንሽ ስጡኝ» አላቸው።