ባሌ የሚያወራው ከጎረቤቴ ጋር ነበር

መጀመሪያ የጠፋበት ቃል «ማንኪያ» ነው። ቁርስ ላይ እጁን ዘርግቶ «እሱን… እሱን…» አለኝ። ጨው አቀበልኩት፣ አይደለም። ውሃ አቀበልኩት፣ አይደለም። በመጨረሻ ራሱ ተነስቶ ማንኪያውን አነሳና ጥፋቱ የእኔ ይመስል አፈጠጠብኝ። ባሌ ተሾመ ቀልድ ስለሚወድ ስቄ አለፍኩት። በማግስቱ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቃተው።

ከዚያ በፊት የሆነውን ልናገር። ባሌ በደርግ ጊዜ ኢተያ አካባቢ በነበረ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። አንድ ቀን ትራክተር ሞተር ላይ አጎንብሶ ሲሠራ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኖው፣ ከድጋፉ ተንሸራቶ አናቱን መታው። ደም አልፈሰሰውም። ማታ አሰላ ቤታችን ገብቶ እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ ደም ያልፈሰሰበት ምት እንደ ምት አይቆጠርም። ለጋ ቅቤ አናቱ ላይ አድርጌ፣ በሻሽ አስሬ አስተኛሁት። ራስ ምታቱ በተመለሰ ቁጥር ቅቤ ጨመርኩ። ጎረቤቱም ሁሉ ያዘዘው ይህንኑ ነበር። ደሙ ለካ ወደ ውጭ አልወጣም እንጂ ውስጥ ውስጡን ይጠራቀም ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት ጠራሁት። አልነቃም። ነቀነቅሁት። አስመለሰው። የአንድ ዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቷል። ጮህኩ።

የአሰላ ሆስፒታል ሐኪም ኩባዊ ነበር። ዓይኑን በባትሪ አየና «ሰብዱራል ሄማቶማ» አለ። ነርሷ ተረጎመችልኝ፤ ከራስ ቅሉ ሥር፣ ከአንጎሉ በላይ ደም ቋጥሯል፤ አሁኑኑ አዲስ አበባ መሄድ አለበት። ሄድን። መንገዱን አላስታውሰውም። ራስ ቅሉን በስተው ደሙን አወጡት። ተረፈ።

ይህን የምጽፈው የእናንተም ሰው እንዲህ ተመትቶ ቤት ለተመለሰባችሁ ነው። እስከ ቀዶ ጥገናው ያለውን ሐኪም ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። ተሾመ ጸጉሩ በቅሎ ጠባሳውን ሸፈነለት፣ ጉንጩ ሞላ፣ በመንገድ ሲሄድ ያየው ሁሉ «እግዜር ይመስገን፣ ድኗል» ይለኝ ነበር። ቤት ሲገባ «ውሃ» ለማለት በላብ ይጠመቃል፤ ቃሉ አልመጣ ሲለው ጠረጴዛውን ይመታል፤ መትቶ ሲያበቃ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሐኪሙ «አፌዝያ» ይባላል አለኝ፤ ቃላት የሚቀመጡበት የአንጎል ክፍል ተጎድቷል ማለት ነው። ይህን ለማን ታስረዳላችሁ? ከግንባር እግሩን አጥቶ በተመለሰው ወታደር ሚስት ላይ ቀንቻለሁ። እውነቴን ነው፣ በክራንቹ ቀናሁ። ክራንቹ ይናገርላታል፣ እኔ ምን አለኝ?

ለማንም ማስረዳት አልፈለግሁም ነበር፣ ነገር ግን የቤቱ ጉዳይ መጣ። ቤታችንን የሠራነው የእርሻው ሠራተኞች በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን፣ ከባንክ ተበድረን ነው። ብድሩ በየወሩ ከባሌ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር፤ ደመወዙ ሲቆም ክፍያውም ቆመ። በማኅበራችን ደንብ፣ ያለ በቂ ምክንያት መክፈል ያቋረጠ አባል ቤቱ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ አባል ይሰጥበታል። ሕመም በቂ ምክንያት ነው። ችግሩ፣ የእኛን ሕመም የሚያይ ዓይን አልነበረም።

እና ከድጃ። ከድጃ ከአጥራችን ማዶ ያለች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ትንሽ ሱቅ ነበራት፣ ጥርሷ ደግሞ ወተት ነው። አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ከሱቋ በኩል የወንድ ሳቅ ሰማሁ። የባሌ ሳቅ ነው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ። ቀረብ ብዬ ሳዳምጥ ያወራል! አንድም ቃል ሳይጠፋበት፣ በኦሮምኛ፣ እንደ ወራጅ ውሃ። ተሾመ በቆጂ ነው ተወልዶ ያደገው፣ ከኦሮሞ ልጆች ጋር። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ከሰላምታ በቀር ኦሮምኛ አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ተናግሮት አያውቅም። የተሰጣውን ልብስ መልሼ አወረድኩት። ለምን እንዳወረድኩት እንጃ። ለእኔ ለማጥበው፣ ለማጎርሰው፣ ጠረጴዛ መደብደብና እንባ፤ ለእሷ ወግና ሳቅ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አጥር ሥር ነኝ። እሷ «ሻይ ልስጠው?» ስትለኝ «የቤቱ ሻይ አላነሰውም» እላታለሁ። ሰላምታዋን በግማሽ አፌ እመልሳለሁ።

ጆሮ ያለኝ እኔ ብቻ አልነበርኩም። የማኅበሩ ሊቀመንበር መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «እኅት አስካለ፣ ባልሽ ከከድጃ ጋር እንደ ራዲዮ ያወራል ይባላል። ታዲያ ምኑን ነው የታመመው?» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ጉዳያችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እንደሚታይ ነግሮኝ ሄደ።

ወደ ኩባዊው ሐኪም የሄድኩት ለምክር አይደለም፤ ባሌን ለመክሰስ ነው። እንዳስመሰለብኝ፣ አፉ ለእኔ ተዘግቶ ለሌላ ሴት እንደሚከፈት፣ ነርሷ እያፈረች እስክትተረጉም ድረስ ሁሉን ዘረገፍኩት። ሐኪሙ አልሳቀብኝም። «አፉን የፈታው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በኦሮምኛ እንደሆነ ነገርኩት፤ የቤቱንና የስብሰባውንም ጉዳይ ጨመርኩለት።

«እንግዲያው አላስመሰለም» አለ። «ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው አንጎሉ ሲጎዳ ሁለቱ እኩል ላይመለሱ ይችላሉ። አንዳንዴ አፍ የተፈታበት ይቀድማል። ይኼም የሕመሙ ምልክት ነው።» ቀጥሎም ነርሷን ወደ ስብሰባው አብራኝ እንድትሄድ ጠየቃት።

ደስ አለኝ ልበል? ግማሽ ሆዴ ደስ አለው። ግማሹ ግን፣ እንደተጎዳ ብታውቂስ፣ የሚያወራው ከእሷ ጋር አይደለም ወይ አለኝ።

ስብሰባው ላይ መፈክሩ ተብሎ ካበቃ በኋላ ነርሷ አስረዳች፣ እኔም የቻልኩትን ያህል ተናገርኩ። ከኋላ አንዱ፣ ቤት ላለማስረከብ የተፈለሰፈ በሽታ ነው አለ። ጥቂቶች ሳቁ። ያኔ ተሾመ እጁን አወጣ። ሊቀመንበሩ ፈቀደለት። «ቤት…» አለ። «ቤት… እሷ… ቤት…» ግንባሩ በላብ ራሰ። ጡጫውን ጨበጠ። አሁን ይመታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልመታም። ወደ ኦሮምኛ ዞረ።

ከአባላቱ አብዛኛው ኦሮምኛ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ባሌ ስለ እኔ ተናግሯል፣ አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ያን ቀን በአንዲት ሴት አይደለም የቀናሁት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ነው። ትመስክርልኝ ብዬ ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ከድጃ ዞርኩ። እጇን ጨብጬ፣ ምን አለ አልኳት።

በጆሮዬ ነገረችኝ። «ቤቱን ብትወስዱት እኔ የትም አድራለሁ። የግድግዳውን ጭቃ በእግሯ የረገጠችው ግን እሷ ናት። አሁን እኔንም የተሸከመችው እሷ ናት። አመሰግንሻለሁ ልላት በየቀኑ እሞክራለሁ፣ በእሷ ቋንቋ አልወጣልህ አለኝ።»

ቤቱ አልተወሰደም። ማኅበሩ ለባንኩ አመለከተልን፤ የመክፈያው ዘመን ተራዘመ፣ ወርኃዊው ክፍያ ቀነሰ፣ እኔም የእርሻው ቢሮ ውስጥ የጽዳት ሥራ አግኝቼ መክፈል ጀመርኩ። ደንቡም ተሻሻለ፤ የጭንቅላት ጉዳት በሐኪም ከተረጋገጠ፣ ሰውየው ቆሞ ቢሄድም፣ እንደ በቂ ምክንያት እንዲቆጠር ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ በየእድሩና በየቀበሌው ስብሰባ እየዞርን፣ እኔ በአማርኛ፣ ከድጃ በኦሮምኛ፣ ደም ያልፈሰሰበት ምት እንደሚብስ ስንናገር ከረምን። አርቦዬ ድረስ ሄደናል። ሰው እሷ ስትናገር ከእኔ ይልቅ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ይኼም አንጀቴን ያሳርረኛል።

የተሾመ አማርኛ ቀስ በቀስ፣ እየተንገዳገደም ቢሆን ተመለሰ። እኔም ከድጃ ሱቅ ተቀምጬ ኦሮምኛ ተማርኩ፤ አስተማሪዬም ተማሪዋን በደንብ አላገጠችባት። ያን ሐኪም፣ ያችን ነርስ፣ ዞረው ያዩኝን የማኅበሩን አባላት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናንተ ያለኝ ምክር አጭር ነው። አናቱን የተመታ ሰው ራስ ምታቱ ካልተወው፣ ቃል ከጠፋበት፣ ካስመለሰው፣ ቅቤውን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ሩጡ። ስታስታምሙም የምታፍሩበትን ነገር ለሐኪሙ አትደብቁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ያን ቀን ሐኪሙ ፊት ቅናቴን አፍሬ ውጬው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ቤት የሌላ ሰው በሆነ ነበር።