የባልዱር ቦይለር

ኦረስት ህሪንኪው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፀጉር ሲቆርጥ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እጁ ለስላሳ ነው። በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር፣ ወንዱ ሁሉ ዓሣ አጥማጅ በሆነበት አገር፣ ለስላሳ እጅ ይዞ ማርጀት ቀላል አይደለም። ፀጉር ቤቱ ገብተው አንገታቸውን ሲያቀርቡለት ያከብሩት ነበር፤ ከወንበሩ ሲነሡ ግን፣ «አንተማ ምን አለብህ፣ በሙቀት ቆመህ ትውላለህ» ይሉት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። መሳቅ የሙያው ግማሽ ነበር።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ ብዙ ዓመት ብቻውን ኖረ። ባለፈው ክረምት ሩናን አገባ። ሩና የሟቹ የባልዱር ሚስት የነበረች ናት። ባልዱርን በዚያ ዳርቻ የማያውቅ የለም፤ ሞተር ቢሆን፣ መረብ ቢሆን፣ ጣራ ቢሆን፣ እጁ ገብቶበት ሳይሠራ የቀረ ነገር አልነበረም ይባልለታል። ኦረስትም ሩናም እዚያው ሐይቅ ዳር፣ አንድ የበጋ ማረፊያ ካምፕ ውስጥ፣ በመኪና የሚጎተት የበጋ ቤት ነበራቸው። ለሁለት ሰው ሁለት ቤት አይረባም። የኦረስት አሮጌና ጠባብ ስለነበር እሱ ተሸጠ። ገዢው ከመኪናው ጋር አያይዞ ሲወስደው፣ ኦረስት መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ ልጁን እንደሚሸኝ አባት ቆሞ አየው።

ከዚያ በኋላ በጋው እንግዳ ሆኖ አለፈ። እንግዳ ነህ ያለው የለም፤ ሩናም ክፉ አልነበረችም። ግን ኩባያው የሚንጠለጠለው ባልዱር ባጠፈው ሽቦ ላይ ነው። በሩ የሚዘጋው ባልዱር በሠራው መቀርቀሪያ ነው። ጎረቤቱም ቤቱን የሚጠራው «የባልዱር ቤት» እያለ ነው። አንድ ቀን በአቅራቢያው ጊምሊ ከተማ ገበያ ውስጥ አንዱ፣ «የት ነው የከረምከው?» ቢለው፣ «ባልዱር ጋ» ብሎ መለሰና የገዛ መልሱ ቀኑን ሙሉ ከነከነው።

ጥቅምት ገባ። ቅጠሉ ረገፈ፤ ጠዋት ጠዋት ውጭ ባደረ የሳህን ውሃ ላይ ስስ በረዶ መታየት ጀመረ። ሩና በጋ ላይ ትከሻዋ ላይ ቀዶ ጥገና ስለተደረገላት ቀኝ ክንዷ ገና አልጠናም።

«ዘንድሮ ውሃውን አንተ ዝጋው» አለችው ቁርስ ላይ።

ትንሽ ቃል ናት። ኦረስት ግን እንቁላሉ ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘበት። ውሃ የሚዘጋ ሰው እንግዳ አይደለም። ይህን አሳምሮ ከሠራው፣ በሚመጣው በጋ እዚህ ቤት ውስጥ እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ መሰለው።

ሥራው የታወቀ ነው። ቱቦ ውስጥ የቀረ ውሃ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ ይረጋና ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሃው ይፈስሳል፤ ከዚያ በፓምፑ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ለሰው መርዝ ያልሆነ የማይረጋ ፈሳሽ ይሳብና በየቧንቧው ሮዙ እስኪመጣ ይለቀቃል። ሩና ጀሪካኖቹን በሩ ሥር ደርድራ ጠበቀችው። ስምንት ናቸው።

«ይሄ ሁሉ?»

«ባልዱር ሁሌም ስምንት ነበር የሚያፈስበት።»

የኦረስት ቤት ሁለት ይበቃው ነበር። ትልቅ ቤት ትልቅ ሆድ አለው ብሎ ተወው።

ማጠራቀሚያውን አራገፈ፤ የታችኞቹን መውረጃዎች ከፈተ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ በቤቱ ጎን ያለውን የቦይለሩን፣ የውሃ ማሞቂያውን፣ መድፈኛ ፈታ። ዝገትና አሸዋ የቀላቀለ ውሃ ተንዶለዶለና አለቀ።

«ባልዱር ወዲያው ነበር መልሶ የሚያጠብቀው» አለች ሩና በመስኮት።

«ይድረቅ» አለ ኦረስት፣ መድፈኛውን ኪሱ እየከተተ። የሱ ልማድ እንዲህ ነው፤ ቦይለር አፉን ከፍቶ ይክረም ባይ ነው። ወደ ውስጥ ገባ፤ ፈሳሹ ወደ ቦይለሩ እንዳይሄድ ቫልቩን ዘጋ፤ ፓምፑን አስነሣ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አየር ተፋ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ሌላ ነገር የለም። አንዱ ጀሪካን አለቀ። ሁለተኛው ተጋመሰ።

«ታገሥ» አለችው ሩና። «ባልዱርም ሲሠራ ብዙ ይቆይ ነበር።»

ነገሩ አላማረውምና ወጥቶ ዙሪያውን አየ። በተከፈተው የቦይለር አፍ ሮዙ ፈሳሽ እየተንዠቀዠቀ ሣሩን አጥለቅልቆታል።

ሮጦ ገብቶ ፓምፑን አጠፋ። ባትሪ ይዞ አልጋው ሥር ተሳበ። አንዴ ካዩት በኋላ የሕፃን ነገር ነው። ባልዱር ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ቦይለሩ በሚገባበት በኩል ቫልቭ አድርጓል፤ ሙቅ ውሃ በሚወጣበት በኩል ግን ምንም የለም። የፊቱን በር ቆልፎ የጓሮውን ረስቷል። ሮዙም ዞሮ በጓሮ ይገባል። ቦይለሩ ስድስቱን ጀሪካን ጠጥቶ ሲጠግብ ነው የተረፈው ሁለት ለቧንቧዎቹ የሚደርሰው። በየዓመቱ።

ከአልጋው ሥር ሲወጣ ውጭ ድምፅ ሰማ። ጉድኒ ነው፤ ከባልዱር ጋር በአንድ ጀልባ ያረጀ ጎረቤት፣ ምላሱ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ።

«ኦረስት! ምንድን ነው ይሄ ሣሩ ላይ? የሰው ጆሮ ቆረጥክ እንዴ?»

«ጀሪካን ደፍቼ ነው።»

«ዋ ባልዱር! አንዲት ጠብታ አያፈስም ነበር እኮ። ቆይ፣ ዛሬ ለምስጋና በዓሉ እራት አዳራሽ ስንገናኝ ተርኪ ዶሮው ሳይቆረጥ ነው የማወራልህ።»

«አውራ፣ ምን ቸገረኝ። ጡረታ ወጥቼም ፀጉርህን ቆረጥኩልህ፤ ከእንግዲህ ግን ሌላ ቦታ ተቆረጥ።»

«ምን ፀጉር ቀረኝና!» ብሎ ጉድኒ እየሳቀ ሄደ።

ኦረስት እርጥቡ ሣር ላይ ቆመ። መድፈኛው ኪሱ ውስጥ ነው። አጥብቆት የቀሩትን ጀሪካኖች ሁሉ ቢያፈስ ማንም አያውቅም። ግንቦት ላይ ቦይለሩ ውስጥ የከረመው ፈሳሽ ከውሃው ጋር እየተቀላቀለ ሻዩ እንደ ሁልጊዜው ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል፤ ሩና የካምፑን የውሃ ጉድጓድ ትራገማለች፤ በጋው እስኪጋመስ ውሃ ከከተማ ያመላልሳሉ። እሱም እያወቀ ይጠጣዋል። የሌላ ሰው ቤት ዘበኛ ሆኖ መኖር ማለት ይኸው ነው። ቢናገርስ? ለስላሳ እጅ ያለው ሰው በዚያ ሁሉ አገር ስለተመሰገነ ሟች አፉን ሲከፍት ምን ይመስላል? ሟች መልስ የለው። ሙት ወቃሽ ብላ ፊቷን ብታዞርበት፣ ያቺ ያገኛት ትንሽ ቦታ እንኳ አብራ ትሄዳለች።

ለጉድኒ አልተናገረም። ለሷ አለመናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

«ሩና፣ ነይ እስቲ። ባትሪውን ያዥልኝ።»

በደህናው እጇ ይዛ አጎነበሰች። ኦረስት በጣቱ ቱቦውን ተከትሎ አሳያት፤ እዚህ ዘግቷል፣ እዚህ አልዘጋም፣ በዚህ ይገባል። ብዙ አላወራም። እሷም በባትሪው መስመሩን መልሳ ተከተለችው።

«ደስ አለህ?» አለች በመጨረሻ።

«አላለኝም።»

ባትሪውን አልጋው ላይ ጥላ ወጣች። በመስኮት ሲያያት ወደ ሐይቁ ወርዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ነፋሱ መሐረቧን ይገርፈዋል። ሄዶ ሊጠራት አሰበና ተወው። 

ስትመለስ አፍንጫዋ ቀልቷል።

«የካምፑን ጠባቂ ያንን ጉድጓድ ሁለት ጊዜ አስመርምሬዋለሁ» አለች። «ሁለት ጊዜ! ሰውዬው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።»

ኦረስት መሳቅ ይገባው እንደሆነ አላወቀም።

«ባልዱር ራሱ ቢያየው ይስቅ ነበር» አላት ሊያጽናናት።

«ይስቅ ነበር? አታውቀውም። ሦስት ቀን ያኮርፍና አንድ ማለዳ ተነሥቶ ያስተካክለዋል። ከዚያ ድሮም እንዲህ ነበር ብሎ ድርቅ ይላል።»  ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «ለጉድኒ ነገርከው?»

«ጀሪካን ደፋሁ አልኩት።»

«ማታ አዳራሹን ሙሉ ያስቅብሃል።»

«ያስቅ።»

 እጅጌዋን ሰበሰበችና ባትሪውን አነሣች። ኦረስት የሙቁን ቱቦ ከቦይለሩ ፈትቶ ጫፉን ለጊዜው በክዳን አጠበቀው፤ በጸደይ ደህና ቫልቭ ይገባለታል። ፓምፑን ሲያስነሣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተንፈቀፈቀና ሮዝ ሆኖ ወረደ። መታጠቢያውም ወረደ፤ ሽንት ቤቱም። ውጭ የቦይለሩ አፍ ደረቅ ነው። ሣሩ ላይ ከፈሰሰው ሌላ ብዙም ፈሳሽ አልወሰደም።

የተረፉትን ጀሪካኖች መኪናው ኋላ ሲጭን ሩና ተከትላው መጣችና ብርድ ልብስ አለበሰቻቸው። ለምን እንደሆነ ሊጠይቃት ሲል ጉድኒ ከመንገድ ማዶ ብቅ አለ።

«ሩና! ጨረሳችሁ? ስንት ፈጀ?»

«እንደ ወትሮው ነው ጉድኒ፤ ስምንት።»

«የደፋውስ? ዘጠኝ በይው እንጂ!»

«የደፋሁትማ እኔ ነኝ። በዚህ ክንዴ ገፍቼው። እሱ ለኔ ብሎ ነው የዋሸህ፤ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ስሙን ታነሣና ዋ!»

ጉድኒ አፉን ከፍቶ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። ኦረስት ሣሩን ያይ ጀመር።

መኪናው ውስጥ ሲገቡ ሩና ቀበቶዋን በአንድ እጇ መሳብ አቅቷት ኦረስት ሳበላት። የካምፑን በር አለፉ። ከኋላ፣ ብርድ ልብሱ ሥር፣ ጀሪካኖቹ ተጋጩ።

«ግንቦት ላይ ቱቦውን የምታጥበው አንተ ነህ» አለች። «ንጹሕ ውሃ እስኪመጣ አጥበህ ስትጨርስ ጥራኝ። ከዚያ የካምፑን ጉድጓድ ውሃ እጠጣለሁ።»