የእትዬ አልጣሽ ድድ

እስቲ ያንን ነጠላ ተመልከቱት፤ ጫፉ ሁልጊዜ አፍ ላይ ነው። እትዬ አልጣሽ ደባርቅ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ሲሸጡ፣ ሲሥቁም ሲከራከሩም አፋቸውን ይሸፍናሉ። በልጃገረድነታቸው ዳባት ላይ ድዳቸውን ተነቅሰው ባገር የተወራላቸው ሴት፣ ዛሬ ድዳቸው ስለሚደማ ያፍራሉ። ማን አሳፈራቸው? እኛው ነን! ሰው ጥርስ ክፍል በር ላይ ከታየ «ሊያስነቅል ነው» ብለን የምንፈርድ እኛ!

በ2005 ዓ.ም. ልጃቸው ስንቅነሽ ልትዳር ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ «ለምርመራ ብቻ ነው» ብላ ጥርስ ክፍል ወሰደቻቸው። አላመኗትም። በልጃቸው ሠርግ በወላቃ አፍ እልል ማለት ከሞት ከፋባቸው። ወረፋው ላይ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ ደግሞ ለከፋቸው።

«እትዬ፣ የቱ ነው ያመመዎ?»

«የቱም።»

«ሳያምዎ? ጥርስ ተረፈዎ እንዴ?»

ወረፋው አውካካ። እኔም ነበርኩበት፤ ሥቄያለሁ።

ተራቸው ደረሰና ገቡ። ባለሙያዋ የትናየት መብራቱን አቅንታ፣ ትንሿን መስታወት አፋቸው ውስጥ አስገብታ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ካርዱ ላይ እየጻፈች «ድድ፣ የተነቀሰ» አለች ለራሷ። እሳቸው ግን «የሚነቀል» ያለች መሰላቸው። ከወንበሩ ዘለው ተነሡ።

«አላስነቅልም! መጀመሪያ ልጄን ልዳር፤ ያኔ መንጋጋዬንም ውሰጂው!»

«ኧረ እናቴ፣ የተነቀሰ ነው ያልኩት! ንቅሳትዎን! ነገ ሌላ ሰው ጥቁረቱን በሽታ እንዳይለው ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ታዲያ አፍሽን ሞልተሽ አትናገሪም!»

የትናየት ሣቀች፤ ስንቅነሽ ሣቀች፤ እትዬ አልጣሽም ሣቁ፣ ነጠላውን ረስተው። ተመልሰው ተቀመጡ። የተቦረቦረ ጥርስ ይኖር እንደሆነ በቀጭን የብረት መፈተሻ ታየ፤ አልተገኘም። ድዳቸውን ያደማው ጥርሱ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ ነበር፤ ተፋቀላቸው። ቀስ አድርገው እንዲቦርሹና ከስድስት ወር በኋላ እንዲመለሱ ተነገራቸው። አለቀ። ይህንኑ በሩ ላይ መንገር ለማን ይከብድ ነበር? ለጉንጫሙ ሰውዬ? ለእኔ?

በሠርጉ ቀን እልልታቸው ከሁሉ በላይ ተሰማ፤ ነጠላው ትከሻቸው ላይ ነበር።

እባካችሁ፣ ሳያማቸው ጥርስ ሊታዩ የመጡ ሰው ወረፋ ላይ ስታገኙ አትሣቁባቸው። ጠጋ በሉና ቦታ ስጧቸው፤ ውስጥ ምን እንደሚጠብቃቸውም ንገሯቸው።