በከረጢቱ ውስጥ ያለችው

ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ወደ ኮሌጁ ቤተ ሙከራ ሲገባ ቆቡን አውልቆ ብብቱ ሥር ይሸጉጣል። የሚቆመው መምህርት መሰረት ግድግዳው ላይ ከሰቀለችው ፎቶ ፊት ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሳች አሜባ ናት፤ ሆዷ ውስጥ ክብ ከረጢት፣ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ የዋጠቻት አንዲት ደቃቅ ፍጥረት አለች። ግራጫው ምስል ጎርፍ የተኛበት ሜዳ ይመስላል። ለእሱ ግን ፎቶ ሳይሆን መስኮት ነው።

ሰውዬው ኦሞ ወንዝ ዳር ካለችው ከዱስ መንደር የመጣ ነው። የሕፃን ልጁን የእጅ ጨሌ በሲባጎ ቀጥሎ አንጓው ላይ አስሯል። ስለ ጨሌው ሲጠይቁት፣ "ኦሞ ሞልቶ ነበር" ብቻ ይላል።

"ዛሬም አለች" አላት ዛሬ መሰረትን፣ ጣቱን ሳያስነካ እያመለከተ። "ትወጣ ይሆን፣ መምህር?"

ፎቶው እንዲነሳ አሜባዋም የዋጠቻትም በመድኃኒት ደርቀው፣ በስለት ተሸንሽነው እንደነበር መሰረት ታውቃለች። ልትነግረው አፏን ስትከፍት ዓይኗ ጨሌው ላይ አረፈ።

"ገና አልተፈጨችም፣ አባባ።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ቆቡን ደፋ።

አመሻሽ ላይ መሰረት ከሥራ ስትወጣ የግቢው ክፍሎች በር ሁሉ ተቆልፏል። ፎቶው ያለበትን የቤተ ሙከራውን በር ብቻ ዘበኛው ገርበብ አድርጎ ትቶታል።