ስልሳ መርፌና የያሉ ወንዝ ጦርነት

በ1973 ዓ.ም. አርባ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ጣልያን ሲገባ አንተ ድክ ድክ ትል ነበር ስላለችኝ በዚያ ነው የምቆጥረው።

በግንቦት ነው የጀመረኝ። በሬ ጠምጄ ሳርስ ሳል ያዘኝ። ደረቅ ሳል። ሁለት ትልም አርሼ እቆማለሁ። አቧራ ነው አልኩ። ቀጥሎ ላብ መጣ። ቀጥሎ ሱሪዬ ከወገቤ ይወርድ ጀመር። ባለቤቴ ማርታ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለኝ፣ ሳል ሰው ገድሎ አያውቅም አልኳት። ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ። የተነጠረ ቅቤ ጠጣሁ። በሐምሌ ደም ተፋሁ። ያኔ እሺ አልኳት።

ይህን የምጽፈው ያ በሽታ ለያዛችሁ ነው። ፊደል የለየሁት ዘግይቼ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ አጻጻፌን አትዩብኝ።

ከገበሬ ማኅበር ደብዳቤ ይዤ ሆሳዕና ሆስፒታል ሄድኩ። ራጂ አነሱኝ፤ አክታዬን በብልቃጥ ወሰዱ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ ግን ነገሩን አይሸፋፍንም። «የሳንባ ቲቢ ነው። ሁለት ወር በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን መርፌ ይወጋሉ፤ ስልሳ መርፌ ማለት ነው። አይሶናያዚድ የሚባል ኪኒን ደግሞ ዓመት ሙሉ ይውጣሉ» አለኝ። ቤቴ ሩቅ ስለሆነ አስተኛኝ።

መርፌው ከባድ ነው። ጆሮዬ ይጮህ ነበር። ስነሳ ያዞረኛል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ሲመጣ እንዳትደነግጡ ነው። ሲመጣባችሁ ለሐኪሙ ተናገሩ።

አጠገቤ የተኛው መምህር ከድር ነበር። የዱራሜ ሰው ነው፣ ከምባታ፣ ሙስሊም፣ የታሪክ አስተማሪ። እሱ በከምባትኛ፣ እኔ በሀድይኛ እንጀምርና አማርኛ ላይ እንገናኛለን። ከሰዓት በኋላ ሥራ የለንም። አንድ ቀን ብርድ ልብሱን በጉልበቱ አንስቶ ሁለት ተራራ ሠራ። መሃሉ ላይ ያለው እጥፋት ያሉ የሚባል ወንዝ ነው አለኝ፤ በዚህ በኩል ኮሪያ፣ በዚያ በኩል ማንቹሪያ። ባዶ የስትሬፕቶማይሲን ብልቃጦች የሩስያ መድፎች ሆኑ። የክብሪት እንጨቶች የጃፓን ወታደሮች ሆኑ።

«የዛሬ ሰባ ሰባት ዓመት ነው። ሁለቱም ንጉሠ ነገሥት አላቸው» አለ። «የሁለቱም ዓይን እዚያው አገር ላይ ነው። በባሕር ላይ ተታኩሰዋል፤ በምድር ግን የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ ይሄ ነው። የሩስያው ጄኔራል፣ አዘግያቸው እንጂ ሙጭጭ ብለህ አትዋጋ፣ ቀስ እያልክ ተመለስ ተብሎ ታዟል። እሱ ግን ጃፓንን ንቋል።»

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይነግረኛል። ጃፓኖች ዓሣ አጥማጅ መስለው የወንዙን ጥልቀት ለኩ። ሰውና መድፍ የሚያልፍበትን መንገድ በዛፍና በማሽላ አገዳ ጋረዱ። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ ሩስያ እያየ፣ ድልድይ መሥራት ጀመሩ። ሩስያ መድፉን ሁሉ ድልድዩ ላይ አወረደ።

«በቃ፣ አለቀላቸው!» አልኩ።

መርፌ የሚወጋን ድሬሰር በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። «መምህር፣ የሶቪየት ወንድሞቻችንን እኔ ክፍል ውስጥ እንዳታሸንፍብኝ» አለ።

«የዛሩ ናቸው፣ ጓድ» አለው መምህር። «ዛሩ ባይሸነፍ አብዮቱ ከየት ይመጣ ነበር?»

ሳቅን፤ ከሳቅን ደግሞ ሳልን። ቀሪውን ነገ አለኝ። እኔ ግን ነገን አልጠበቅሁም።

መስቀል ደርሶ ነበር። በእኛ አገር ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ተባብረው በሬ ይገዛሉ። የእኛን ቡድን በሬ የማርደው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት አባቴ ነበር። አርባ አምስት መርፌ ተወግቻለሁ። ላቡ ቆሟል። ሱሪዬ ወገቤን ይዟል። አልሳልም። እሄዳለሁ አልኩ።

ዶክተሩ ቆመብኝ። «አክታዎ ንጹሕ መሆኑን ገና አላየሁም። የተሻለዎት ጀርሙ ስላነሰ ነው እንጂ ስላለቀ አይደለም።»

«ሰውነቴን የማውቀው እኔ ነኝ» አልኩት።

መምህር እጄን ያዘኝ። «ጋሼ ኤርሲዶ፣ አይሂዱ። እኔም አንዴ እንደዚሁ ሄጄ ነው ተመልሼ እዚህ የተኛሁት።»

«አንተ እስላም ነህ፤ መስቀልን ምን ታውቃለህ?»

«ዱራሜ ተወልጄ! ጎረቤቶቼ ሲበሉ እያየሁ አይደል እንዴ የጠገብኩት?»

ኪኒኔን በላስቲክ ቋጥሬ ሄድኩ።

በሬውን አረድኩ። በላሁ። ከታናሽ ወንድሜ ከላቾሬ ጋር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን ስንጫወት ሰነበትን። ኪኒኑን ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሰክቼ ነበር። አንድ ቀን ረሳሁት። ከዚያ ተውኩት። የዳነ ሰው ለምን መድኃኒት ይውጣል?

በኅዳር ሳሉ ተመለሰ። በታኅሣሥ ደም። ግማሽ ጣሳ። መቆም አቃተኝ። ሥጋ የተካፈልኳቸው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሆሳዕና አደረሱኝ።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ከአንድ እንጀምራለን» አለ። «መድኃኒት አቋርጠው ሲመለሱ ጀርሙ ሊለምደው ይችላል። መሥራት አለመሥራቱን የምናውቀው ከሁለት ወር በኋላ ነው።» ማለት፣ ልሞት እችላለሁ ነው። ገባኝ።

መምህር ከድር እዚያው አልጋ ላይ ነበር። ከስቷል። ጉልበቱ ብርድ ልብሱን አላነሳውም። ሌላ ወሬ ስላጣሁ «ማን አሸነፈ?» አልኩት።

እያረፈ ነገረኝ። «ድልድዩ የውሸት ነበር። ማንም ሊሻገርበት አልተሠራም። ሩስያ ሲተኩስበት መድፉ የት እንዳለ ታየ። ጃፓኖች በሌላ ቦታ፣ ከወንዙ በላይ በኩል ዞረው ተሻገሩ። ማለዳ ጉሙ ሲገለጥ መድፋቸውን ለቀቁበት።»

«ጄኔራሉስ?»

«ተመለስ የተባለው ሰውዬ ቆየ። በመጨረሻ ሲሸሽ መድፉን ጥሎ ነው።»

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። እሱ ተመለስ ሲባል ቆየ፤ እኔ ቆይ ስባል ሄድኩ። ግትርነቱ አንድ ነው። የላቤ መቆም፣ የሱሪዬ ልክ መሆን፣ ያ ድልድይ ነበር። እኔ እሱን ሳይ በሽታው በላይ በኩል ተሻግሯል።

መምህር በጥር ሞተ። ማክሰኞ ነበር። ከቀትር በኋላ። መድኃኒቱ አልያዘለትም። ወንድሞቹ መጥተው ወሰዱት። እኔ ያን ቀን ገና አሥራ ዘጠነኛው መርፌ ላይ ነበርኩ።

ስልሳውን ጨረስኩ። አክታዬ ንጹሕ ሆነ። ዶክተሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ወር፣ ዝናብ ሲሆን በጭቃው፣ በጋ ሲሆን በአቧራው፣ በየወሩ እየሄድኩ ኪኒኔን ተቀበልኩ፤ ማርታም ሳልውጥ ቁርስ አታቀርብልኝም ነበር፤ እርሻውንም መጀመሪያ አንድ ትልም፣ ኋላም ሦስት እያልኩ ቀስ በቀስ መለስኩት፤ የሚቀጥለው መስቀል ሲመጣ ቢላዋውን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ተቀምጬ አየሁ፤ እንዳሰብኩትም ቅር አላሰኘኝም።

አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ዶክተሩ አብረውኝ የተቀመጡት ሁሉ ይመርመሩ ብሎ ነበር። ማርታና ልጆቹ ተመርምረው ደህና ሆኑ። ላቾሬ እንቢ አለ። እየሳለ እንቢ አለ። «አንተ ሆስፒታል ስለለመድክ አገሩን ሁሉ ልታስተኛ ነው?» ይለኛል። የማን ሳል እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔ ነው።

የመጨረሻውን ኪኒን በዋጥኩበት ወር መጨረሻ ዶክተሩ አየኝና «ጨርሰዋል፤ ወደ ቤትዎ» አለኝ። እጁን ጨብጬ ብዙ ቆየሁ። ድሬሰሩን፣ በቃሬዛ የተሸከሙኝን፣ ማርታን እግዚአብሔር ይስጣቸው። መምህር ከድርን ነፍሱን ይማር፤ እሱን ማመስገን በሕይወት እያለ ነበር፣ አላደረግሁትም።

እናንተ ደግሞ ስሙኝ። ሲሻላችሁ ነው የምትፈሩት። ሳሉ ሲቆም፣ ምግብ ሲጣፍጣችሁ፣ ሰው ወፈርክ ሲላችሁ፣ ያኔ መድኃኒታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። መጨረሳችሁን የሚነግራችሁ ሐኪሙ ነው። ሲስላችሁ አፋችሁን ሸፍኑ። በሽታውን አትደብቁ፤ የሚያልፈው በትንፋሽ ነው እንጂ በእርግማን አይደለም። ግትር ከሆናችሁ፣ መርፌውን ለመጨረስ ግትር ሁኑ።

ዶክተሩ ባሰናበተኝ ማግስት ጠዋት እርሻ አልሄድኩም። ላቾሬ ደጅ ሄጄ መውጫው ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ።

«ልቀመጥ።»

«እስከ መቼ?»

«ጫማህን እስክታደርግ።»

ሰደበኝ። አባታችንን ጠርቶ ሰደበኝ። ሳለ፤ ስሎ ሲጨርስ መዳፉን አየና ጨበጠው። ምን እንዳየ አልጠየቅሁትም። ገብቶ ጫማውን አድርጎ ወጣ። የሆሳዕናን መንገድ ያዝን፤ ሳሉ በያዘው ቁጥር አብሬው እየቆምኩ።