ጂንካ ወይስ ሶዶ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዬ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል፤ የምንሄድበት ከተማ ግን ገና አልታወቀም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። ከጎጃም ተነሥቼ አርባ ምንጭ ለሥራ ስመጣ እንኳ የንስሐ አባቴን ቡራኬ ተቀብዬ፣ መርፌና ክር ሳይቀር ቆጥሬ ይዤ ነበር። ሰኞ በዓል ሆነና እሱ ነው ያቅበጠበጠን።

አንድ ግቢ ተከራይታ ከጎኔ የምትኖረው ጓደኛዬ የአዳማ ልጅ ናት፤ አስተማሪ። ከመሥሪያ ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ስለማልሄድ «እማሆይ» ትለኛለች። እማሆይን ከግቢ ማስወጣት አለብኝ ብላ የተነሣችው እሷ ናት። አማራጩ ሁለት ነበር፤ ወደ ላይ ሶዶ፣ ወደ ታች ጂንካ። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ያለባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ቦታ ሰው አለን።

ጂንካ ታናሽ እህቴ አለች፤ ተመድባ የሄደች የአንደኛ ዓመት ተማሪ። ወደዚያ ስታልፍ እኔ ጋ አንድ ቀን አደረችና ሸኘኋት፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። በስልክ «ደኅና ነኝ» ትለኛለች፤ ድምፅዋ ግን አልቅሳ ፊቷን የታጠበች ሰው ድምፅ ነው። ሶዶ ደግሞ ጓደኛዬን ላግባሽ ብሎ መልስ የሚጠብቅ መምህር አለ።

እንግዲህ እኔ የእሷን አውቃለሁ፤ እሷም የእኔን ታውቃለች። ስለዚህ እኔ ሶዶ አልኩ፤ እሷ ጂንካ አለች።

መጀመሪያ በፍቅር ነበር። እኔ የሶዶን ብርድ አመሰገንኩ። ጾም ቀን መሆኑን ረስቼ ቁርጡንም አመሰገንኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሶዶን ለማየት ስመኝ እንደኖርኩ ተናገርኩ፤ በልጅነቴ ግን ስሟንም አልሰማሁም። እሷም በተራዋ የጂንካን ተራራ ሳታይ ብትሞት ዓይኗ እንደማይከደን ማለች። ለእኔ ብለሽ ነው ስላት፣ ምን ቆርጦኝ ላንቺ እላለሁ አለችኝ። ቸርነታችን እየጋለ ሄዶ ወደ ቁጣ ተለወጠ። በመጨረሻ ሻንጣዋን እየጎተተች ወደ ክፍሏ መለሰችና የትም አልሄድም አለች። እኔም አልኩ፤ እኔም አልሄድም።  ከዚህ በኋላ የእህቴ ፈተና ነው፤ ከፈተናው በፊት ሌላ በዓል የለም።

የአከራያችን አባት ከጨንቻ ወርደው ልጃቸው ዘንድ ሰንብተዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሸማ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ማንጎው ሥር ተቀምጠው ጩኸታችንን ሲሰሙ ቆዩና ልጃቸውን በጋሞኛ ምንድነው ብለው ጠየቁ። እሷ አፏን በሻሿ ይዛ እየሳቀች አስረዳቻቸው። እሳቸው አልሳቁም። ተነሥተው ከቧንቧው አጠገብ እርጥብ ሣር ነጭተው ጠሩን።

በእኛ አገር፣ አሉ፣ የተጣላ ሰው ዱቡሻ ይቀመጣል፤ አደባባይ ማለት ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ሣሩ ሰላም ነው፤ በእሱ ፊት መዋሸት ጎሜ ነው። ጎሜ መጥፎ ነገር ያመጣል፤ ከሰውየው አልፎ ከብቱንም ይነካል።

«አባባ፣ እኛ ከብት የለንም» አለች ጓደኛዬ።

«መኪና ትሄዳላችሁ አይደል?» አሏት።

ሣሩን መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። ያለ ሣርም መዋሸት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ የዋሸሁትን በልቤ ስቆጥር አፈርኩ። ፍላጎቴን በአፌ መናገር ግን በእናቴ ቤት አልተማርኩም። ሣሩ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል።

«ጂንካ መሄድ እፈልጋለሁ» አልኩ። «እህቴን ካላየሁ እንቅልፍ የለኝም።»

ሽማግሌው ሣሩን ወደ ጓደኛዬ አሳለፉት። እሷ አንዷን ዘለላ ስታሽ ቆይታ፣

«እኔም ጂንካ» አለች።

«ለእሱ ብለህ ነው?» ብለው ወደ እኔ በአገጫቸው አመለከቱ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም።

«አይደለም አባባ። ሶዶ ከሄድኩ መልስ ስጪኝ ይለኛል። መልሱን ገና አላገኘሁትም።»

 አከራያችን በሳቅ ፈነዳች። እኔ ነጠላዬ እስኪወድቅ ሳቅሁ፤ ጓደኛዬ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው ብቻ ግራ ተጋብተው ሁለታችንን አዩን።

«ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

እህቴ ጋ የደወልኩት ሳቁ ሳይለቀኝ ነው። ነገ ንጋት ላይ ወደ አንቺ ልንነሣ ነው አልኳት። እሷም የእናቴ ልጅ ናትና፣ መንገዱ ያደክማል፣ ለምን ትለፊያለሽ፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ለሌላ ጊዜ አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እሺ እንግዲህ ብዬ ዘግቼ፣ እሷ እዚያ እኔ እዚህ እናለቅስ ነበር። ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ልምጣ ወይስ አልምጣ? እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት።

 ኔትወርክ የሄደ መሰለኝ።

«ነይ» አለች። ከዚያ ቃላቱ ተደረማመሱ፤ ነይ፣ ቶሎ ነይ፣ ሙዝ አምጪልኝ፣ ያን ጊዜ የበላነውን የኩልፎ ወንዙን፣ ብዙ አድርጊው፣ ለዶርም ልጆችም። እያለቀሰች ነበር፤ ይኸኛው ግን ያልታጠበ ልቅሶ ነው።

ጓደኛዬ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። «እማሆይ፣ ገበያው ሳይዘጋ!»

ሮጥን። ጫማዬን አዙሬ እንዳደረግሁ ያየሁት የሙዝ ዘለላው ትከሻዬ ላይ ከወጣ በኋላ ነው።